ለመቆጠብ ሲባል ገንዘብ የሚያስወጡ የቤት ውስጥ ስህተቶች

በብዙ ቤት ቅነሳው የሚጀምረው ከልጆች ብስኩት ነው። ቧንቧው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል፣ ድስቱም ያለክዳን ይንተከተካል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ቅነሳው ያለቦታው ያረፈባቸው።

ሳይመዘግቡ መቀነስ። መጀመሪያ ለ30 ቀን ምንም ሳይቀንሱ እያንዳንዷን ወጪ ይጻፉ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጡትን፣ ማለትም የትምህርት ቤት ክፍያን፣ ጥገናን፣ ስጦታን፣ ለ12 አካፍለው በየወሩ ያስቀምጡ። 6,000 የሚፈጅ ዓመታዊ ወጪ በወር 500 ነው። ይህ ሳይያዝ የቀረ በጀት መፍረሱ አይቀርም።

በጅምላ ስለተገዛ ረከሰ ብሎ ማመን። 10 ኪሎ ድንች በ20 በመቶ ቅናሽ ተገዝቶ 2 ኪሎው ከበሰበሰ፣ ለተበላው 8 ኪሎ የተከፈለው ሙሉ ዋጋ ነው። ተሸክሞ ማምጣቱ ትርፍ ድካም ሆነ ማለት ነው። ትልቁ ማሸጊያም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ ዋጋውን ለክብደቱ አካፍሎ ማወዳደር ያስፈልጋል። ድንች ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለና አየር የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ክፍል ሶላኒን የሚባል መርዝ መኖሩን ስለሚጠቁም በጥልቀት ተቆርጦ ይጣላል፣ ከመረረም አይበላም። ሽንኩርት ደረቅ ቦታ ስለሚወድ እርጥበት ከሚያወጣው ድንች ጋር በአንድ ዕቃ አይቀመጥ።

ደረቅ ጥራጥሬን «አይበስልም» ብሎ መተው። ይህ ከሁሉም የሚያስቆጭ ስህተት ነው፤ ርካሽና ገንቢ ምግብ በአዘገጃጀት ጉድለት ብቻ ይተዋል። አንድ ኩባያ ቦሎቄ በ4 ኩባያ ውሃ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ይቀቀል። ከዚያም በኋላ ካልለሰለሰ ሦስት ነገሮችን ይጠርጥሩ። አንደኛው እርጅና ነው፤ ዓመታት የቆየ ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም እንደጠነከረ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው፤ ለዚህ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል፣ ከዚያ በላይ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል። ሦስተኛው ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ መግባቱ ነው፤ አሲድ ቅርፊቱን ስለሚያጠነክር ከለሰለሰ በኋላ ይጨመር።

ቀይ ቦሎቄ ደግሞ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። በደንብ እየፈላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ ውስጡ ያለው መርዛማ ፕሮቲን አይጠፋም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል። ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል ከመጀመሪያው ጀምሮ ለብ ባለ እሳት ማቆየት አደገኛ ነው። ይፍላ፣ ከዚያ እሳቱ ይቀነስ። አንድ ኩባያ ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል ወደ 3 ኩባያ ስለሚጠጋ፣ እጥፍ ቀቅሎ ግማሹን በፍሪዘር ማስቀመጥ የሁለተኛውን ቀን እሳት ያስቀራል።

ከፈላ በኋላ እሳቱን እንዳለ መተው። ውሃ አንዴ ከፈላ እሳት ቢጨመርበትም ሙቀቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ነው። ክዳን ይክደኑ፣ እሳቱን መፍላቱ እስከማይቋረጥበት ድረስ ያሳንሱ። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጥራጥሬ ጊዜ ይወስዳል፤ እዚያ የግፊት ድስት ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። ነገር ግን አረፋው መተንፈሻውን እንዳይደፍን ጥራጥሬው ከነውሃው ከግማሽ በላይ አይሙላ።

የተረፈ ምግብን በትልቁ ድስት ማሳደር። መሃሉ ለሰዓታት ሞቅ ብሎ ስለሚቆይ ይበላሻል። ጥልቀት በሌለው ዕቃ ከፋፍሎ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ማስገባት ይሻላል፤ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ሩዝ ላይ በተለይ ቸል አይበሉ። የፍሪጁ በር መግጠሙን ለማወቅ ወረቀት አስይዘው ይሳቡት፤ ያለምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧን መናቅ። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 20 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሰዓት ኩባያ ደቅነው ለክተው በ24 ያባዙት። ለሽንት ቤቱ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው ውሃ ሳይለቁ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ መዝጊያው ያፈሳል።

በቤት የሚዘጋጅ ማጽጃን እንዳሻ መቀላቀል። በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ፤ በጭራሽ አይቀላቅሏቸው። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ አረፋቸው ያማረ ቢሆንም እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው።

የቤት ውስጥ መዝናኛን የድህነት ማካካሻ ማድረግ። «ገንዘብ ስለሌለን ቤት እንጫወት» የተባለ ልጅ ጨዋታውን ገና ሳይጀምር ይጠላዋል። በሳምንት አንድ የታወቀ ምሽት ይመደብ፣ ዕቃው አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ ታናሹ ልጅ መጀመሪያ ተሸንፎ የሚወጣበት ጨዋታም አይመረጥ።

ለምሳሌ ልጆች ቅርጽ ለሚሠሩበት የመጫወቻ ሊጥ 2 ኩባያ ዱቄትና 1 ኩባያ ጨው ይደባለቁ፤ 1 ኩባያ ውሃ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይግባ፣ በአንዴ ከፈሰሰ እጅ ላይ ይጣበቃል። ቅርጹ ከ1 ሴንቲ ሜትር ከወፈረ ላዩ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ጨው ስለበዛበት ውሻ እንዳይበላው ይጠንቀቁ።

የጥላ ቲያትር ደግሞ ከአንድ የእጅ ባትሪና ከባዶ ግድግዳ በቀር ምንም አይጠይቅም። ብዙዎች የክፍሉን አምፖል ይጠቀሙና ጥላው ደብዝዞ ይተዉታል። ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ ነጥብ መውጣት አለበት፤ ሌላው መብራት ሁሉ ይጥፋ። እጅ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ጥላው ያንሳል፣ ጠርዙም ይጠራል፤ ወደ ባትሪው ሲጠጋ በእጅ የተሠራው የጅብ ጥላ ግድግዳውን ያክላል።