ልጅ ከትምህርት ቤት ሲፎርፍ ወላጅ ምን ያድርግ?

ልጅዎ ከክፍል እየፎረፈ መሆኑን ሲሰሙ ከመቆጣትዎ በፊት የክፍል ኃላፊውን መምህር ያነጋግሩና የስም መጥሪያውን አብረው ይመልከቱ። ቀሪ የሆነው ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ መንገድ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነሥቶ መሀል ከተማ የሚማር ልጅ የታክሲ ሰልፍ አርፍዶበት የግቢው በር ሲዘጋበት፣ ደብተሩን እንደያዘ ፑል ቤት ወይም ጌም ቤት ቢገባ አያስገርምም። እንዲህ ላለው ልጅ ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ዓመቱ ሲያልቅ መሸኛ አውጥቶ በሰፈሩ ማስመዝገብ ይሻላል።

ቀሪነቱ የሚደጋገመው በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ ሰዓት ከሆነ ግን የሚሸሸው ትምህርቱን አለዚያም መምህሩን ነው። ማታ አጠገቡ ተቀምጠው ደብተሩን ይግለጡ፤ ማስታወሻው የተቋረጠበትን፣ ስሌቱ በግማሽ የቀረበትን ገጽ ሲያገኙ ማጠናከሪያው ከዚያ ይጀምር። በዱላ ግን በፍጹም አይሞክሩት፤ የተገረፈ ልጅ መዋሸት ይለምዳል እንጂ ክፍል አይገባም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ለነገ አይበሉ፤ የ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በየሳምንቱ ዓርብ ለመምህሩ ይደውሉ፤ መደወልዎንም ልጁ ይወቅ።