አርባና ሰማንያ፦ ቤተሰብን፣ እናትነትንና ሐዘንን በፎቶግራፍ ለመሥራት

እናቴ ያረፈች ዕለት ማታ፣ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ፍለጋ እኔና ታላቅ እህቴ የቤቱን አልበሞች በሙሉ ገለበጥን። የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ፎቶ ሞልቷል፤ በሁሉም ላይ እናቴ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ አትስቅም፣ እጆቿም በነጠላዋ ተሸፍነዋል። ሊጥ ስታቦካ፣ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ከቡና በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ስታሸልብ የሚያሳይ ግን አንድም አልተገኘም። በመጨረሻ ከመታወቂያዋ ላይ ጉርድ ፎቶዋን ወስደን አስተለቅን፤ ያስተለቀልን ባለሙያም፣ በቅንነት ይመስለኛል፣ የፊቷን መጨማደድ ጠራርጎ አጥፍቶ ሰጠን። ለቀስተኛው በዚያ ፎቶ ፊት አለቀሰ፤ እኔ ግን ፎቶው ላይ ያለችውን ሴት አላወቅኋትም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የገዛ ቤተሰቤን ፎቶ እያነሣሁ የተማርኩትን ነው። ካሜራ ወይም ደህና ስልክ ያለው፣ በቤቱ ውስጥ ስላለ ወይም ከቤቱ ስለጎደለ ሰው መሥራት የሚፈልግ ማንም ሊከተለው ይችላል።

የግል ፎቶግራፍ ስል የቤተሰብ አልበምን ማለቴ አይደለም። አልበም የሚመሰክረው ተሰብስበን ነበር፣ ለብሰን ነበር፣ ደስ ብሎን ነበር የሚለውን ነው፤ ይህም ክብር ያለው ሥራ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ግን አልበሙ የዘለለውን የሚፈልግ፣ ከአንድ ጥያቄ ተነሥቶ ያንኑ ጥያቄ በብዙ ፎቶዎች ደጋግሞ የሚያይ ሥራ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከማንሣትዎ በፊት ጥያቄዎን በደብተር ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «የእናት ፍቅር» ጥያቄ አይደለም፤ የፖስት ካርድ ጽሑፍ ነው። «እናቴ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ የማላውቀው ለምንድን ነው?» የሚለው ግን ካሜራውን የት እንደሚያቆሙና በስንት ሰዓት መገኘት እንዳለብዎ ሳይቀር ይነግርዎታል። የጻፉት ዓረፍተ ነገር አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ዕቃ ካላስታወሰዎት ገና አልበሰለምና ይቆዩበት።

ከጥያቄው ቀጥሎ የጊዜ ሥርዓት ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስሜት ሲመጣለት ያነሣል፣ ስሜቱ ሲሄድ ይተወዋል። በዓለም ከታወቁት የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሥራዎች መካከል አንዳንዶቹ ጉልበታቸውን ያገኙት ከጊዜ አቆጣጠራቸው ነው። አሜሪካዊው ኒኮላስ ኒክሰን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሚስቱንና ሦስት እህቶቿን በየዓመቱ በአንድ ዓይነት አሰላለፍ እያቆመ ከ40 ዓመት በላይ አንሥቷል፤ አንዱ ፎቶ ብቻውን ሲታይ አራት ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ተደርድረው ሲታዩ ግን ዕድሜ ሲያልፍ ዓይናችን እያየ ነው። ሆላንዳዊቷ ሪነከ ዳይክስትራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ሦስት እናቶችን፣ አንዷን ከወለደች ከ1 ሰዓት፣ ሌላዋን ከ1 ቀን፣ ሦስተኛዋን ከ1 ሳምንት በኋላ፣ ልጆቻቸውን እንደታቀፉ ባዶ ግድግዳ ፊት አቁማ አንሥታለች።

እኛ ግን አቆጣጠሩን ከሩቅ መዋስ አያስፈልገንም። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ሰው ሲሞትም ጸሎቱ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው ቀን አልፎ 40 እና 80 ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይከተላል። ወደዚህ ዓለም የሚመጣውም የሚሄደውም በአንድ ቁጥር ይቆጠራል ማለት ነው። በሙስሊሙ ቤት የሕፃኑ አቂቃ፣ ማለትም ስለ መወለዱ የሚታረደው መሥዋዕት፣ በ7ኛው ቀን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆየው ኢዳ 4 ወር ከ10 ቀን ነው። እነዚህን ቀኖች ቤተሰቡ በቃሉ ስለሚያውቃቸው፣ ሥራዎን በእነሱ ላይ ቢያቆሙት «ዛሬ ለምን ታነሣለህ?» ብሎ የሚጠይቅዎ አይኖርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ ይምረጡ፤ የአራሷ አልጋ ራስጌ፣ የምድጃው አጠገብ ወይም ሟቹ ይቀመጥበት የነበረው ማዕዘን ሊሆን ይችላል። የትራይፖዱ (የካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) እግሮች የሚያርፉበትን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ አንድ ሌንስ ብቻ ይጠቀሙ፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት አንድ ፎቶ አንሥተው ይውጡ። ያመለጠዎትን ቀን በማግስቱ ሁለት አንሥተው አይሙሉት፤ ክፍተቱም የሥራው አካል ነው። እኔ እናቴ ትቀመጥበት የነበረውን ማዕዘን 40 ቀን አነሣሁ። ቦታውን እንጂ ለቀስተኛ አላነሣሁም። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ መሬት የተነጠፈው ፍራሽና ከእድር የመጣው አግዳሚ ወንበር ይታያል፤ ቀጥሎ ወንበሩ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ፍራሹ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀናት ባዶ ግድግዳ ብቻ ነው፣ በዚህ መካከል መሰልቸቴን አልደብቅም። በ31ኛው ቀን እህቴ ምንም ሳታስብ የካውያ ጠረጴዛ አምጥታ እዚያ አቆመች። ከአርባዎቹ ሁሉ ዛሬም ልቤን የሚነካኝ እሱ ነው፤ ሥርዓቱን ባልጠብቅ ኖሮ አላገኘውም ነበር።

ብርሃኑን በተመለከተ አንድ መስኮት ይበቃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ብርሃን በአግድም ስለሚገባ የፊትንም የጨርቅንም ገጽ ያወጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ደጅ የተነሣ ሰው ዓይኑ በጥላ ይዋጣል። የክረምት ደመና ለዚህ ሥራ በረከት ነው። አምፖሉን ያጥፉ፤ የአምፖል ቢጫና የመስኮት ሰማያዊ ሲደባለቁ የሰው ቆዳ የታመመ ይመስላል። ፍላሽ አይጠቀሙ። ሕፃን ሲያነሡ የመዝጊያውን ፍጥነት ከሰከንድ 1/125 በታች አያውርዱ፤ ለዕቃ ግን ትራይፖድ ካለዎት ሩብ ሰከንድም ቢሆን ችግር የለውም። በስልክ የሚሠሩ ከሆነ ስክሪኑን ተጭነው በመያዝ የብርሃኑን መጠን ይቆልፉ፤ ከሰው ጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘውን አማራጭም ይተዉት፤ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ከጀርባ ያለው ድስትና ግድግዳ የታሪኩ ግማሽ ነው።

የሞተን ሰው ማንሣት አይቻልም፤ የነካውን ግን ይቻላል። ጃፓናዊቷ ኢሺኡቺ ሚያኮ እናቷ እ.ኤ.አ. በ2000 ካረፉ በኋላ የቀሩትን ዕቃዎቻቸውን፣ ያለቀ የከንፈር ቀለም፣ ፀጉር የቀረበት የፀጉር ብሩሽ፣ የውስጥ ልብስ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እንደ ሰው እያቆመች አነሣች፤ ሥራውም በ2005 ቬኒስ ቢያናሌ በሚባለው የጣሊያን ታላቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ የጃፓንን ማሳያ ቤት ያዘ። ከእሷ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፦ ዕቃውን ለብቻው፣ ከቅርብ፣ ምንም ጌጥ ሳይጨመርበት ማንሣት። ከእሷ ጋር የማልስማማበትም አለ። በእኛ ቤት የእናት የውስጥ ልብስ ገመና ነው፤ ገመና ደግሞ ባለቤቱ ስለሞተ አይሻርም። ድንበርዎን ከመጀመርዎ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ እንጂ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ አይከራከሩ።

የእናቴን ልብሶች ለማከፋፈል ስናወጣ ከመቀነቷ ጫፍ አንድ ቋጠሮ ተገኘ። እናቴ ገንዘብ የምትይዘው እንደዚያ ነበር። ቋጠሮው ከእጅ እድፍ የተነሣ ከቀሪው ጨርቅ ጠቆር ብሏል፤ በጥብቅ ከመታሰሩ የተነሣ የሳንቲሞቹ ክብ ጠርዝ በሽመናው በኩል ይታያል። እህቴ «እንፍታውና ለነዳያን እንስጥ» አለች፤ እኔ አይሆንም አልኩ፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን። ከአንድ ሳምንት ክርክር በኋላ እህቴ የገንዘቡን ግምት ከራሷ ኪስ ሰጠች፣ ቋጠሮውም እንዳለ ቀረ። በሦስት ጠዋት አነሣሁት። የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩትና የሙዚየም ዕቃ መሰለ፤ በሁለተኛው ቀን በራሷ አልጋ ላይ አደረግሁት፣ እሱ ደግሞ በግድ የሚያስለቅስ መሰለ። በሦስተኛው ቀን እህቴ በእጇ ይዛው እያየችው ሳለ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጣቶቿንና ቋጠሮውን ብቻ አነሣሁ። የእህቴ ጣቶች የእናቴን እንደሚመስሉ ያወቅሁት ፎቶውን ካሳተምኩ በኋላ ነው። እንግዲህ ዕቃ ሲያነሡ ቢያንስ ሦስት ማረፊያ ይሞክሩለት፣ አንዱም የሕያው ሰው እጅ ይሁን።

የድሮ ፎቶዎችም ጥሬ ዕቃ ናቸው። ገጹ የሚያጣብቅ የፕላስቲክ አልበም ውስጥ ያሉ ከሆነ ሙጫው እየቆየ ስለሚያበላሻቸው ያውጧቸው፤ ግን አይጎትቱ፤ የጥርስ ማጽጃ ክር ከስር አስገብተው በቀስታ ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ ያላቅቁ፣ እምቢ ያለውን ከነገጹ ያንሡት። ስካነር ካገኙ ትንንሾቹን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡት ነጥቦች ብዛት)፣ ጥቁርና ነጩንም በቀለም ያስገቡ። ጀርባውን መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው፤ «መታሰቢያነቱ ለውድ እህቴ» ተብሎ በብዕር የተጻፈበት ጀርባ ከፊቱ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀለማቸው ወደ ቀይ ያደላ የቆዩ የቀለም ፎቶዎችን በኮምፒውተር ለማስተካከል አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ እንዳሉ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ።

እናትነትን በሕያዋን ላይ መሥራት ከሁሉም ይከብዳል። አራስ ቤት ካሜራ ይዞ መግባት በብዙ ቤት አይወደድም፤ ሕፃኑ ከሰው ዓይን ይጠበቃልና። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ፎቶ አንሺ ምርጡን ፎቶ ያጣል፤ ፊቱ በነጠላ የተሸፈነ ሕፃን፣ የገንፎው እንፋሎት፣ የአያት እጅ በቂ ነው። እናቲቱን ዛሬ ስለፈቀደች ነገም ፈቅዳለች ብለው አያስቡ፤ ፎቶው ከቤት ከመውጣቱ በፊት እንደገና ይጠይቋት። ፅንስ የጨነገፈባት ወይም ሕፃን የሞተባት ሴት ሐዘን ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንኳን የማይተከልለት፣ አልበም የሌለው ሐዘን ነው። እሷ ራሷ ካሜራውን ብትይዝ ይሻላል፤ የተዘጋጀው ልብስ፣ የክትትል ካርዱ፣ የምትተኛበት ጎን ሊነሣ ይችላል። ሌላ ሰው ሊሠራላት ቢፈልግ እንኳ ሥራው የሚጀመረውም የሚቆመውም እሷ በወሰነችው ቀን ነው።

በአረብ አገር የምትሠራና ልጇ በአያቱ እጅ የሚያድግ እናትስ? እናትነቷ በአብዛኛው የሚኖረው በስልክ ስክሪን ላይ ነው። የኢሞ ጥሪው ሲቆራረጥ የሚደበዝዘውን ፊት ስክሪን ሹት አድርገው ከማንሣት ይልቅ ክፍሉን አጨልመው፣ ስልኩን የያዘውን ልጅ በስክሪኑ ብርሃን ብቻ ያንሡት።

ለቅሶ ላይ ስለሚደረግ ቀረጻ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፦ መርዶ ሲነገርና አስከሬን ሲወጣ ካሜራዎ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ከዚያ በኋላ የተደረደረ ጫማ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ የሻይ ብርጭቆ የሚያጥቡ ጎረቤቶች አሉ።

ከ200 ፎቶ 20 መምረጥ በስክሪን ላይ አይሆንም። በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር በርካሽ ያሳትሙና ወለል ላይ ይዘርጉ፤ ለሳምንት ተዘርግተው ይቆዩ፣ ሰው ይለፍባቸው። የሚያምሩትን ሳይሆን ጥያቄዎን የሚመልሱትን ወይም የሚያከብዱትን ያስቀሩ። መጀመሪያ የሚያየው ቤተሰብ ይሁን፤ «ይህ ይቅር» ያሉት ይቀራል፣ የቱንም ያህል ቢያንገበግብዎት። ለሕዝብ ለማሳየት ከደፈሩ፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሰሉ መድረኮች እንዲህ ዓይነት ሥራ ተመልካች እንዳለው አሳይተዋል። ከፎቶው ስር ረጅም ማብራሪያ አይጻፉ።

ጀርባው ላይ ግን ይጻፉ። እስክሪብቶ ወረቀቱን ሊወጋና ቀለሙ ወደ ፊት ሊያልፍ ስለሚችል ለስላሳ እርሳስ ይጠቀሙ፤ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ በጠርዙ አካባቢ፣ ሳይጫኑ፤ ማን፣ የት፣ መቼ። እኔ ሦስተኛው ቀን ባነሣሁት ፎቶ ጀርባ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «የእናታችን መቀነት፣ በእህቴ እጅ። የሳሎን መስኮት፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ኅዳር 2009። ቋጠሮው አልተፈታም።»