ልጃችሁ ራግቢ ላይ ተስፋ ካለው፦ እንግሊዝ ላለን ሐበሻ ወላጆች

ልጄ ስምንት ዓመቱ ላይ እያለ ከትምህርት ቤት ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣና አባዬ ራግቢ ልጫወት ነው አለኝ። አሁን 17 ሞልቶት አንድ አካዳሚ (የፕሮፌሽናል ክለብ የወጣቶች ማሰልጠኛ) ውስጥ ነው፣ እኔም ሜዳ ዳር ስቆም ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ በዚህ መሀል ልጆቻቸው ራግቢ የጀመሩ ሐበሻ ወላጆች ይደውሉልኛል፣ ጥያቄው ደሞ ሁሌ አንድ ነው፣ ፕሮፌሽናል እንዲሆን ምን ላድርግ ነው። እኔ የምለው አትቸኩሉ ነው። ከልቤ ነው፣ በአስራ ሶስት ዓመቱ ኮከብ ተብሎ በአስራ ስድስት ዓመቱ ጫማውን የሰቀለ ልጅ ስንቱን አይቻለሁ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ሰፈራችሁ አጠገብ ያለው የራግቢ ክለብ አብዛኛውን ጊዜ የልጆች ክፍል አለው፣ ሲዝኑ በሴፕቴምበር ነው የሚጀምረው፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን ማለት ነው። ከ7 እና ከ8 ዓመት በታች ያሉት ታግ ራግቢ ነው የሚጫወቱት፣ ወገባቸው ላይ ያለችውን ሪባን መንጠቅ እንጂ መጣጣል የለም። ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል፣ የሚጀመረው ከ9 ዓመት በታች ቡድን ላይ ነው፣ ያኔም ቢሆን ስክረም (ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው ለኳስ የሚገፋፉበት) የለም፣ ኳስ በእግር መምታትም የለም። ስለዚህ ልጄን ይሰብሩብኛል ብላችሁ የምትፈሩ እናቶች መጀመሪያ መጥታችሁ እዩት። ጫማና ማውዝጋርድ (የጥርስ መከላከያ) ካላችሁ በቃ፣ ጫማውን ደሞ ያገለገለ ግዙ፣ እግራቸው ማደጉን አያቆምም።

የኛ ትልቁ ችግር እሁድ ነው። የክለብ የልጆች ራግቢ እሁድ ጠዋት ነው፣ ቅዳሴም እሁድ ጠዋት ነው፣ እኛ ቤት ይሄ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ አጨቃጭቆናል። በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን አማከርናቸው፣ ለኮቹም በግልፅ ነገርነው፣ በወር ሁለት እሁድ ቤተክርስቲያን ሁለት እሁድ ሜዳ ተባባልን፣ ኮቹ ምንም አላለም እንደውም ቀድማችሁ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ ነው ያለው። ልጁ ሳይነግር ሲቀር ነው ችግሩ፣ ሰነፍ ነው ብለው ይይዙታል። የትምህርት ቤት ጨዋታ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ራግቢ ካለው እሱም አንድ መፍትሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ሜዳው ላይ የሚያሸንፈው ቀድሞ ያደገው ልጅ ነው፣ ፂም ያበቀለው ኳሱን ይዞ ዝም ብሎ በላያቸው ላይ ይሮጣል፣ ወላጁም ይጨበጭባል። እዚህ አገር የእድሜ ምድቡ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ስለሚቆጠር ኦገስት ላይ የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመት ሊበልጠው ምንም ካልቀረው ታላቁ ጋር ነው የሚጋፋው። ያንተ ልጅ ትንሹ ከሆነ አትዘን፣ ትንሽ ስለሆነ በጉልበት ማለፍ አይችልም፣ ስለዚህ ማየት ይማራል፣ ማታለል ይማራል፣ ቶሎ ማቀበል ይማራል፣ ሰውነቱ ሲመጣ እነዚህ ሁሉ አብረውት አሉ። ደቡብ አፍሪካዊውን ቼስሊን ኮልቤን ተመልከቱ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ምናምን ነው፣ በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ግን እንግሊዝ ላይ ትራይ (ኳሱን ከጎል መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሯል። የእንግሊዙ ተጫዋች ማሮ ኢቶጄ ደሞ ለንደን ካምደን የተወለደ የናይጄሪያውያን ልጅ ነው፣ ራግቢ የጀመረው በ11 ዓመቱ ነው፣ ከዛ በፊትም በኋላም ባስኬትቦልና አትሌቲክስ ይሰራ ነበር፣ በ2014 ከ20 ዓመት በታች እንግሊዝን እየመራ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2025 የብሪታንያና የአየርላንድን ጥምር ቡድን ላየንስን በካፒቴንነት ይዞ አውስትራሊያ ሄደ። ስለዚህ ሌላ ስፖርት አታስቁሙት። ዋና፣ ሩጫ፣ እግር ኳስ፣ ጁዶ ሁሉም ይጠቅማል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻም አታስሩት፣ ዛሬ ዊንግ (ዳር ላይ የሚሮጠው) የሆነው ነገ ፍላንከር (ከፊት ከሚገፉት አንዱ) ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ ምን እናሰራው ለምትሉ፣ ኳስ ማቀበል። በሁለቱም በኩል፣ በተለይ በደካማው እጁ፣ በቀን አስር ደቂቃ በቂ ነው፣ እናንተም ቆማችሁ ተቀበሉት። ታክል ላይ ደሞ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፣ ጭንቅላቱ የት ነው የሚለውን። ጭንቅላት ከሚጣለው ልጅ ፊት ለፊት መግባት የለበትም፣ ከጎንና ከኋላ ነው መሆን ያለበት፣ ጉንጩ ከልጁ ዳሌ ጋር ይጣበቃል፣ አይኑ ክፍት ነው። ሳር ላይ ተንበርክካችሁ ቀስ ብላችሁ አለማምዱት። ከ2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በአማተር ክለብና በትምህርት ቤት ጨዋታ ታክል ከደረት አጥንት ግርጌ በታች መሆን አለበት፣ ስለዚህ ዝቅ ብሎ መግባትን ከልጅነቱ ያልለመደ ልጅ በፊሽካ ብቻ ያልቃል።

ስለ ጭንቅላት ካነሳን አይቀር ኮንከሽን፣ ማለትም ከምት የሚመጣ የአንጎል ጉዳት። እባካችሁ ይሄን በደንብ አንብቡት። ልጁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከፈዘዘ፣ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይ ዝም ብሎ እንደሌላ ጊዜው ካልሆነላችሁ ወዲያው ይወጣል፣ በዛን ቀን አይመለስም፣ ራሱን ሳይስት ኮንከሽን ሊይዘው ይችላል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው፣ ቤት አትውሰዱት። በዩኬ መመሪያ መሰረት ወደ ውድድር የሚመለሰው በትንሹ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ነው፣ እሱም ወደ ንክኪ ልምምድ ሲመለስ 14 ቀን ሙሉ ምንም ምልክት ሳይኖርበት ከቆየ ነው። የራስ ቆቡ ከዚህ አያድንም፣ ጆሮና ቆዳ ነው የሚጠብቀው። ልጄ 14 ዓመቱ ላይ ትልቅ ጨዋታ ሳምንት ሲቀረው ተመታ፣ ደህና ነኝ ደህና ነኝ አለ፣ አንድ ሰውዬ ደሞ ሜዳ ዳር ቆሞ ጠንካራ ልጅ ነው አስገቡት ይለኛል፣ እኔ አላስገባሁትም፣ ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ዛሬም ቢሆን እንደዛው ነው የማደርገው።

ምግብ ላይ እኛ የተሻለ እድል አለን። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጤፍ፣ በሶ፣ ለውዝ፣ ይሄ ሁሉ የስፖርተኛ ምግብ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የሚውለው ደሞ ሲዝኑ በጠነከረበት ሰዓት ነው፣ ልጄ ልፁም ሲል ከልምምድ በኋላ ሳይበላ እንዳይተኛ ነው የተጠነቀቅነው፣ ምስሩን በዛ አድርገን፣ አቮካዶ ጨምረን። ረመዳን የሚፆም ልጅ ያላችሁም ለኮቹ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ከባዱን ልምምድ ቀለል ያደርግለታል። እንቅልፍ ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ስልኩ ሳሎን ይደር። ጂም ደሞ በ14 ዓመቱ ክብደት ለመቆለል አይደለም፣ ስኳት፣ ፑሽአፕ፣ ፑልአፕ በትክክለኛ አቋም መስራት ይልመድ፣ ብረቱ የሚያውቅ ሰው ባለበት ቀስ እያለ ይጨመራል።

የአካዳሚው መንገድ እንዲህ ነው። የፕሪሚየርሺፕ (የእንግሊዝ ዋናው ሊግ) ክለቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አካባቢ አላቸው፣ ከ13 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ክለብና ትምህርት ቤት የጠቆሟቸውን ልጆች ሰብስበው ያሰለጥናሉ፣ እያጠሩ እያጠሩ ሄደው ከ18 ዓመት በታች ቡድን ይደርሳሉ፣ ከዛ በጣም ጥቂቱ ኮንትራት ያገኛል። በየደረጃው አይሆንም የሚባል ልጅ ይበዛል። ቤት መጥቶ ሲያለቅስ ምን እንደምትሉት ከአሁኑ አስቡ፣ የኛ ልጅ በ14 ዓመቱ ተቀንሶ በ16 ዓመቱ ነው የተመለሰው። ሌላ በርም አለ፣ አሌክስ ዶምብራንት ካርዲፍ ሜት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ነው የለንደኑ ክለብ ሃርለኩዊንስ የወሰደው፣ ከዛ ለእንግሊዝ ተሰልፏል። ትምህርቱን አታስጥሉት ስንል ዝም ብለን አይደለም። በ2022 ዉስተርና ዋስፕስ፣ በ2023 ለንደን አይሪሽ የሚባሉት ክለቦች በገንዘብ ችግር ከሊጉ ወጡ፣ ኮንትራት የነበራቸው ተጫዋቾች በአንዴ ስራ ፈላጊ ሆኑ። ኢቶጄ እንኳን ለክለቡ ለሳራሰንስ እየተጫወተ ነው ፖለቲካል ሳይንስ ተምሮ የጨረሰው።

ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ራግቢ የወንድ ነው አትበሉ። በሴፕቴምበር 2025 ትዊክናም ላይ እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 አሸንፋ የሴቶችን ዓለም ዋንጫ ስትወስድ ስታዲየሙ ውስጥ 81,885 ሰው ነበር።

ኮንትራት ከመጣ ደሞ ሜዳ ዳር ቢዝነስ ካርድ የሚሰጥ ሁሉ ኤጀንት አይደለም፣ በእንግሊዝ ራግቢ ፌዴሬሽን የተመዘገበ መሆኑን አጣሩ፣ ወረቀቱን ከራግቢ ውጪ ያለ ጠበቃ ያንብብላችሁ፣ ቢጎዳ ደሞዙ ስንት ወር ይቀጥላል፣ ትምህርቱን ማን ይከፍላል የሚሉትን ጠይቁ። የፕሮቲን ዱቄት ነገር ላይ በዶፒንግ ምርመራ የተከለከለ ነገር ከተገኘበት አላወቅኩም ማለት አያድነውም፣ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ነው፣ ስለዚህ የግድ ከሆነ እሽጉ ላይ በተፃፈው የባች ቁጥር (አብሮ የተመረተው ምርት መለያ) ምርቱ መመርመሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ። እኛ ቤት እስካሁን ገብቶ አያውቅም፣ ልጄ ከልምምድ ሲመጣ የሚጠብቀው እናቱ በማር የበጠበጠችለት በሶ ነው።