በአንዱ ኮምፒውተር የጻፋችሁት ፋይል በሌላው እንዳይበላሽባችሁ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ሕትመት ቤቶች በተማሪ ይጨናነቃሉ። ፍላሹ ይሰካል፣ ፋይሉ ይከፈታል፤ የሚታየው ግን ተማሪው ጽፎ የዘጋው ጽሑፍ አይደለም። ሠንጠረዡ ከገጹ ወጥቷል፣ ማውጫው ከገጽ ቁጥሩ ጋር አይገናኝም፣ አንዳንዱ ጭራሽ አማርኛው የላቲን ፊደል ሆኖ ቁጭ ብሏል። ወራት የተለፋበት ሥራ በመጨረሻው ሰዓት እንዲህ ሲሆን ማየት በጣም ያሳዝናል። ብዙዎች ቫይረስ ነው ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የኦፊስ ቨርዥን ወይም የፎንት ልዩነት ነው፤ ሁለቱንም ቀድሞ መከላከል ይቻላል።

መጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት እወቁ። እስከ ኦፊስ 2003 ድረስ የፋይሉ ስም መጨረሻ የዎርድ ዶክ፣ የኤክሴል ኤክስኤልኤስ፣ የፓወርፖይንት ፒፒቲ ነበር። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ ሦስቱም መጨረሻቸው ላይ ኤክስ ተጨመረባቸው፤ ውስጣቸውም ተለወጠ። ስለዚህ ኦፊስ 2003 ብቻ ያለበት ኮምፒውተር ዶክኤክስን በራሱ አይከፍትም። የስሙ መጨረሻ ካልታያችሁ ዊንዶውስ 10 ላይ ፎልደሩን ክፈቱ፣ ቪው የሚለውን ተጫኑና ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ ላይ ምልክት አድርጉ። አንዳንድ ሰው ኤክሱን በእጁ አጥፍቶ የተቀየረ ይመስለዋል። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው።

ፋይሉን የሚቀበላችሁ ሰው የድሮ ኦፊስ ካለው ዋናውን ሳትነኩ ቅጂ አዘጋጁለት። ኤፍ12 ተጫኑ። ሴቭ አዝ ታይፕ ከሚለው ውስጥ ዎርድ 97-2003 ዶክዩመንት ምረጡ፣ ሌላ ስም ስጡትና አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ግን ፋይል፣ ኢንፎ፣ ቼክ ፎር ኢሹስ፣ ቼክ ኮምፓቲቢሊቲ ብላችሁ ግቡ፤ ምን እንደሚጠፋ ይነግራችኋል። የሒሳብ ቀመር ለምሳሌ ወደ ምስል ይለወጣል፤ በቅጂው ላይ ማረም አትችሉም።

ኤክሴል ላይ የበለጠ ተጠንቀቁ። የድሮው ፋይል የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው፤ አዲሱ 1,048,576 ይይዛል። የአንድን ዞን አርሶ አደሮች ዝርዝር በአንድ ሺት የያዘ ሰው በድሮው ዓይነት ቢያስቀምጠው ትርፉ ይቆረጣል። ኤክስሉክአፕን የመሳሰሉ አዳዲስ ፎርሙላዎችም ኦፊስ 2016 እና 2019 ላይ አይሠሩም። ሪፖርቱ ወደ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ከሆነ በቀድሞው ፎርሙላ በቪሉክአፕ ሥሩት።

የድሮ ፋይል በአዲስ ኦፊስ ሲከፈት ደግሞ አናቱ ላይ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚል ይመጣል። ስህተት አይደለም፣ አትደንግጡ። የድሮውን የሚፈልግ ሰው ከሌለ ኢንፎ ውስጥ ገብታችሁ ኮንቨርት በሉት።

ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ራስ ምታት ግን ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ባለ ፎንት ሞጣ ላይ የተጻፈ ሪፖርት፣ ፎንቱ በሌለበት ባሕር ዳር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። የእናንተ ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ አንቀጽ ምረጡና ፎንቱን ኤብሪማ አድርጉት፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የግዕዝን ፊደል ይዞ አብሮ ይመጣል። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ላቲን ከሆነ የድሮ ነው፤ ኮንትሮል ዜድ ብላችሁ መልሱት። መፍትሔው ያንኑ ፎንት ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ነው። አዲስ የምትጀምሩትን ግን በዩኒኮድ ጀምሩት፤ እባካችሁ።

ዩኒኮድ ሆኖም ገጹ ሊዛባ ይችላል። ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት የጻፋችሁት ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ካልተጫነ በሌላ ፎንት ይተካል። የተተካው ሰፋ ካለ ገጹ ይጨምራል፣ ሠንጠረዡም ይገፋል። ስለዚህ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ግቡና ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፣ ፎንቱ ግን አብሮት ይሄዳል። ፈቃዳቸው ይህን የማይፈቅድ ፎንቶችም አሉ።

ለሕትመት ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ከኦፊስ 2010 ጀምሮ ሴቭ አዝ ውስጥ ፒዲኤፍ አለ። ፍላሹ ላይ ዎርዱንም ፒዲኤፉንም ያዙ፤ ዎርዱ ለእርማት፣ ፒዲኤፉ ለሕትመት። ፒዲኤፉን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ሠንጠረዥና ቀመር ያለባቸውን ገጾች አንድ በአንድ እዩ። ጽሕፈት ቤት ስትደርሱም ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ሠንጠረዥ ያለበት አንድ ገጽ አውጡና አረጋግጡ።