«የመስቀሉ ምልክት» የተሰኘውን ፊልም ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዴት እናሳይ?

ሴሲል ቢ. ዴሚል በ1932 እ.ኤ.አ. ለፓራማውንት ያዘጋጀው «የመስቀሉ ምልክት» በንጉሡ በኔሮን ዘመን ሮም ውስጥ ስለተሳደዱ ክርስቲያኖች የሚተርክ፣ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቢቸና ወይም ደጀን ላይ ለወጣቶች ሊያሳየው ያሰበ ሰው፣ ፊልሙ ገድል አለመሆኑን፣ ታሪክነቱም ከፊል ብቻ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት አለበት። መነሻው ዊልሰን ባሬት በ1895 የጻፈው ተውኔት ስለሆነ፣ የአዘጋጁ ዋና ድካም ተመልካቹ ታሪኩን ከተውኔቱ እንዲለይ መርዳት ነው።

ለዝግጅቱ ከሐምሌ 5 የተሻለ ቀን አላገኘሁም። ጾመ ሐዋርያት ተፈቶ፣ ቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ በኔሮን ዘመን ሮም ላይ የተቀበሉት ሰማዕትነት በሚታሰብበት በዚህ ዕለት ተማሪውም ዕረፍት ላይ ነው። ይሁን እንጂ በጎጃም ክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅን ሁሉ ስለሚውጥ፣ በቂ የድምፅ ማጉያ ማዘጋጀት፣ ዝናቡ ሲበረታም ፊልሙን አቁሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቦታው በደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ የሚገኝ አዳራሽ እንጂ ቤተ መቅደሱ አይሁን።

በእጅ ያለው ቅጂ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። ፊልሙ በ1944 እንደገና ለዕይታ ሲወጣ ከመካከሉ የተቆረጠለት፣ ከፊቱም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች በሮም ሰማይ ላይ ሲበሩ የሚያሳይ መግቢያ የተጨመረለት ስለሆነ፣ መጀመሪያው ላይ አውሮፕላን ከታየ ቅጂው የኋለኛው ነው። የቀድሞው ቅጂ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በ1934 ከመጥበቁ በፊት የተሠራ በመሆኑ፣ የኔሮን ሚስት ንግሥት ፖፔያ በወተት ስትታጠብ የሚታይበትን፣ የግብዣውን ጭፈራና በትርኢቱ ሜዳ የሚፈጸመውን ጭካኔ በዝርዝር ይዟል። እነዚህን ክፍሎች ለብቻ ተመልክቶ የሚታለፉበትን ደቂቃ በወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል፤ ልጆቹ ፊት ተደናግጦ ማያውን በእጅ መሸፈን አዘጋጁንም ተመልካቹንም ያሳፍራል።

ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ እያቆመ በአማርኛ የሚተርክ ሰው ያስፈልገዋል። በእኛ ከተማ በደብረ ማርቆስ ደግሞ ለተራኪው ልዩ ጥንቃቄ አለ፦ የሮሙ ሹም ማርከስ ስሙ ከወንጌላዊው ማርቆስ ስም ጋር አንድ ስለሆነ፣ ደብሩም ከተማውም በወንጌላዊው በሚጠሩበት አገር ሕፃናት ሁለቱን ማምታታታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሰውየውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ሹሙ» ብሎ መጥራት ይበጃል። እርሱም፣ የሚወዳት ክርስቲያኒቱ መርሲያም የተውኔቱ ፈጠራዎች መሆናቸው አስቀድሞ ይነገር።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የታሪኩ ማስተካከያ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው ኔሮን ሮም ስትነድ እያየ ክራር መሰል መሣሪያውን ሲደረድር ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታኪቱስ ግን በሐምሌ 64 እ.ኤ.አ. እሳቱ ሲነሣ ንጉሡ አንቲዩም በተባለ ከተማ እንደነበረ፣ ከሮም 14 ክፍሎች አራቱ ብቻ ሳይነኩ እንደቀሩ፣ የዘፈኑም ነገር ወሬ እንደነበረ ጽፏል። እሳቱን ያስነሣው ራሱ ነው የሚለውን ሐሜት ለማጥፋት ክርስቲያኖችን እንደወነጀለ፣ እነርሱም የአውሬ ቆዳ ለብሰው በውሾች እንደተዘነጠሉ፣ እንደተሰቀሉና ሌሊት እንደ መብራት እንደተቃጠሉ የሚነግረንም ታኪቱስ ነው። የትርኢቱን ሜዳ ሲያዩ ኮሎሲየም የሚመስላቸው ወጣቶች ስለሚኖሩ፣ ያ ሕንጻ የተመረቀው በ80፣ ኔሮን ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑ ይነገራቸው።

ሁለት ሽማግሌ ክርስቲያኖች መሬት ላይ በተጫረ መስቀል የሚተዋወቁበት ቦታ ላይ ሲደረስ ፊልሙን ማቆምና ረጋ ብሎ ማስረዳት ተገቢ ነው። ማማተብ፣ ዕትበትና በአንገታችን የምናስረው ማዕተብ ከአንድ ግሥ፣ ከግዕዙ «ዐተበ» (በመስቀል ምልክት አማተበ) የወጡ ናቸው፤ የፊልሙን ርእስ «ማዕተብ» ብንለው እንኳ ከሐሳቡ አንርቅም። ልጆቹ ያን ጊዜ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ይሰዳሉ፣ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች አያትም ትታወሳቸዋለች።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ እንደበራ ወጣቶቹን ከመበተን ይልቅ፣ ሹሙ ከመርሲያ ጋር ወደ አንበሶቹ የወጣው በሃይማኖት ነው ወይስ በእርስዋ ፍቅር ብሎ ማከራከር ያስፈልጋል። ክርክሩ ሲበርድ ከአብነት ተማሪዎች አንዱ የሐምሌ 5ን ስንክሳር ያንብብላቸው።