ባሕር ወርደን በዕብራይስጥ ስንጫወት የምንሳሳታቸው

ኡልፓን (የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ቤት) ገብተን ወራት ሙሉ ግስ ስናረባ ከርመን፣ ቅዳሜ ባሕር ስንወርድ አንድ ወንበር መከራየት ያቅተናል። እኔ ራሴ ከተሳሳትኩትና ሌሎች ሲሳሳቱ ካየሁት ጥቂቱን ልንገራችሁ።

«አኒ ኻማ»

ከባዱን ላስቀድም። እስራኤል በገባሁ በመጀመሪያው በጋ፣ ቴል አቪቭ ፍሪሽማን ባሕር ዳርቻ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን ሙቀቱ ሲያስጨንቀኝ «አኒ ኻማ» አልኩ። የተነሳው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ለካ «ወንድ አምሮኛል» ማለቴ ኖሯል። ወንድም «አኒ ኻም» ቢል ያው ነው።

የሚያናድደው፣ በአማርኛዬ ባስብ ኖሮ አልሳሳትም ነበር። እኛ «እኔ ሙቅ ነኝ» አንልም፤ «ሞቀኝ» ነው የምንለው። ዕብራይስጡም እንዲሁ «ኻም ሊ» ይላል። ሲበርዳችሁ ደግሞ «ካር ሊ»። እኔን የጣለኝ ትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ነው።

ግን በዚህ ተማምናችሁ ሁሉንም በአማርኛው ልክ አትስፉ። «ጠማኝ» ለማለት ወንዱ «አኒ ጻሜ»፣ ሴቷ «አኒ ጽሜአ» ይላሉ እንጂ «ሊ» የሚባል ነገር የለም። ረሃብም «አኒ ራኤቭ»፣ «አኒ ሬኤቫ» ነው። የጥማቱ ቃል ከግዕዙ «ጸምአ» ጋር ዘመድ ስለሆነ አይጠፋችሁም፤ «ጸ»ን ብቻ እንደኛ አታጥብቁት፣ ለስለስ አድርጉት።

ምግብ ነው ድንኳን?

ፊደላችን «ኸ» አለው፤ የብዙዎቻችን አፍ ግን «ሀ» አድርጎ ያልፈዋል። አንድ ወዳጄ ነታንያ ከተማ ባሕር ዳርቻ ላይ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶቹ «ኦሄል አምጥቻለሁ» ብሎ አበሰራቸው። ሰዎቹ ተነስተው ዕቃቸውን እየገፉ ሰፊ ቦታ ለቀቁለት። «ኦሄል» ድንኳን ነው፤ ምግብ «ኦኼል» ነው። እሱ የያዘው ዳቦና የተቆረጠ ሀብሐብ ነበር። (ሀብሐቡ «አቫቲያኽ» ይባላል፤ ጨዋማ በሆነው የቡልጋሪያ አይብ ይበሉታል። ስታዩት ይገርማችኋል፣ ከቀመሳችሁት በኋላ ግን ያለ አይብ አትበሉትም።)

አክብሮት ፍለጋ

እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ጥላቸው ሥር ቦታ እንዳለ ልጠይቅ ፈልጌ፣ «አንቺ» ማለቱ ከበደኝና «አቴም» አልኳቸው፤ «እርስዎ» ይሆንልኛል ብዬ። ሴትዮዋ ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። «አቴም» «እናንተ» ብቻ ነው። ዕብራይስጥ በአፍ ሲነገር «እርስዎ» የለውም፤ ለሴት «አት»፣ ለወንድ «አታ»፣ አለቀ። አክብሮቱን «ስሊኻ» (ይቅርታ) ብላችሁ በመጀመርና በድምፃችሁ አሳዩ። ቦታው መያዙን ለመጠየቅ «ስሊኻ፣ ታፉስ?» ይበቃል።

በአንጻሩ አርቲክ (በእንጨት የተሰካ አይስክሬም) የሚያዞረው ጎረምሳ አያታችንን «ሞቴክ» ወይም «ካፓራ» ቢላቸው አትቆጡ። «ሞቴክ» ጣፋጬ፣ «ካፓራ» ደግሞ ቤዛሽ ልሁን፣ በእኛ «አፈር ስሆን» እንደማለት ነው። ወንዶች እርስ በርስ «አኺ»፣ ወንድሜ፣ ይባባላሉ። እኔ ግን ሽበት ያለውን ሰው «አኺ» ለማለት እስካሁን አልደፈርኩም።

ሙገሳን እንደ ነቀፋ መስማት

«ሃያም ሃዮም ኻቫል አል ሃዝማን» የሚል ብትሰሙ ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ አትመለሱ። ቃል በቃል «ለባከነው ጊዜ ያሳዝናል» ይመስላል፤ ባሕር ላይ ሲባል ግን «ዛሬ ባሕሩ ተወኝ፣ አይወራም!» ነው። ነቀፋው «አል ሃፓኒም» ነው፤ «ፊት ላይ» ይመስላል፣ አስጠሊታ ማለት ነው። «ያም ፕላታ» ካሏችሁ ባሕሩ ያለ ማዕበል ለጥ ብሏልና ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ። ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ከሆነ ግን መጀመሪያ «ዬሽ ሜዱዞት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እንደ ጄሊ እየተንሳፈፈ ቆዳ የሚያቃጥለው ፍጥረት በብዛት የሚመጣው ያኔ ነው።

ትንንሾቹ

«ማ ኒሽማ?» (እንዴት ነው?) ሲሏችሁ የቤተሰቡን ደኅንነት አትዘርዝሩ፤ «ሳባባ» (አሪፍ ነው) ብላችሁ እለፉ። «ወደ ባሕር እንሂድ» ለማለት «ላኾፍ» (ወደ ዳርቻው) ሳይሆን «ላያም» በሉ። አርቲክ ወንድ፣ ቢራ ሴት ነው፤ ሁለት አርቲክ «ሽኔ አርቲኪም»፣ ሁለት ቢራ «ሽቴ ቢሮት»። ስትጠይቁ «ኤፍሻር» ብላችሁ ጀምሩ፤ የእኛን «ከተቻለ እባክህ ቅር ካላለህ» ሁሉ ትተካለች።

ድምፅ ማጉያውን «ለሌላ ሰው ነው» ማለት

ይኼ የሚያስቅ ስህተት አይደለም። ነፍስ አድኑ «ማጺል» ይባላል፤ ከጎጆው ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ እኛም እንደ ገበያ ጫጫታ እንለምደዋለን። «ላጼት ሜሃማይም» ካለ ከውሃው ውጡ ነው። «ልሂትካሬቭ ላኾፍ» ወደ ዳር ቅረቡ ነው። «ጻፎና» ወደ ሰሜን፣ «ዳሮማ» ወደ ደቡብ፤ ሞገዱ ሳታውቁት ወደ አደገኛ ቦታ ሲወስዳችሁ የሚያዛችሁ በነዚህ ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ፊታችሁን ወደ ባሕሩ ካዞራችሁ ሰሜን በቀኛችሁ ነው፤ ወደ ዳር ከዞራችሁ ግን በግራችሁ ይሆናል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል።

ባንዲራውንም እዩ። ነጭ ከሆነ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ክልክል ነው። «ኤን ማጺል» ወይም «ሃሬኻጻ አሱራ» የሚል ሰሌዳ ካለ፣ የመጀመሪያው ነፍስ አድን የለም፣ ሁለተኛው መዋኘት ክልክል ነው ይላል።

ማጺሉ ስማችሁን ስለማያውቅ በለበሳችሁት ይጠራችኋል፤ «ሃባኹር ኢም ሃኮቫ ሃአዶም»፣ ባለ ቀይ ኮፍያው ልጅ። ቀይ ኮፍያ ካደረጋችሁ መጀመሪያ ውጡ። «አኒ?» ብላችሁ አሸዋው ላይ ሆናችሁ ትጠይቁታላችሁ።