ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ዳታ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በየቦታው ቆማችሁ ቴርሞሜትር ብታነቡ ግን ቁጥሩ ወጣ ገባ ይላል። አንዱ ጋ ጥላ ነው፣ ሌላው ጋ ፀሐይ። አይሶቶኒክ ሪግረሽን የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ዳታ ነው። ከተለካው ቁጥር ብዙ ሳይርቅ፣ አንዴ ከወጣ ደግሞ የማይወርድ መስመር ይፈልጋል። ሲወርድ ለሚሄድ ነገርም በተቃራኒው ይሠራል።

ትልቁ ስህተት ያለ ምክንያት «ይህ ነገር ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው» ብሎ መወሰን ነው። የወሎን የወር ወር ዝናብ ውሰዱ። በልግ አለ፣ ክረምት አለ፤ አንድ አቅጣጫ የለውም። ከጥር እስከ ታኅሣሥ ደርድራችሁ «ውጣ» ብትሉት ዘዴው አይከራከራችሁም። ክረምቱን ከደረቁ ወራት ጋር ጨፍልቆ ጠፍጣፋ መስመር ይሰጣችኋል። ዓመቱን ከመስከረም ብትጀምሩት ደግሞ ሌላ መስመር ይወጣል፣ ያውም ከፊተኛው ያማረ። ዝናቡ ያው ነው፤ የተቀየረው ካላንደሩ ብቻ ነው! ሳይኪት-ለርን የሚባለውን የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ፓኬጅ አቅጣጫውን ራሱ እንዲመርጥ ማዘዝም ይቻላል። እኔ አልመክርም። ነገሩ ለምን እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ መናገር ካልቻላችሁ፣ ይህን ዘዴ አትንኩት።

ስሌቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ሳይጨርስ ያቆማል። የአርማታ ጥንካሬን እንይ። ሲሚንቶና ውሃ የሚያደርጉት ኬሚካላዊ ለውጥ ቀስ እያለ ስለሚቀጥል፣ በደንብ ውሃ የጠጣ አርማታ በ28ኛው ቀን ከ7ኛው ቀን ይበልጥ ይጠነክራል። ችግሩ፣ አንድ ኪዩብ (ለፈተና የተሞላ የአርማታ ናሙና) አንዴ ተጨፍልቆ ከተፈተነ አበቃለት። በሚቀጥለው የሚፈተነው ሌላ ኪዩብ ነው፤ እሱም በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል በ3፣ 7፣ 14፣ 21 እና 28 ቀን 12፣ 20፣ 22፣ 15 እና 26 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ተገኘ እንበል።

ሥርዓት ያፈረሰችው 15 ናት። 22ንና 15ን ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ 18.5 ይመጣል። አላለቀም። 18.5 ከፊቱ ካለው 20 ያንሳል፣ ስለዚህ 20ም መግባት አለበት። ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 19። አሁን ዞር ብላችሁ እዩ፦ 12 ከ19 ያንሳል፣ 19 ከ26 ያንሳል። መልሱ 12፣ 19፣ 19፣ 19፣ 26 ነው። ይህ ጎረቤትን ከጎረቤት የማዋሃድ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1955 ታትሞ የወጣ ነው፤ በእጅ መሥራቱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ባዋሃዱ ቁጥር ወደ ኋላ ማየትን አለመርሳት ነው። ከዚያ በፊት ግን 15ቷን ኪዩብ ማን እንደሞላት መጠየቅ ይቀድማል። የተበላሸ ናሙና በአማካይ አይታከምም።

ክብደት መርሳትም አለ፤ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር ከስንት ናሙና እንደመጣ። 15 የሦስት ኪዩቦች አማካይ ብትሆንና ሌሎቹ የአንድ የአንድ ኪዩብ ቢሆኑ፣ ሒሳቡ 20 ሲደመር 22 ሲደመር 45፣ ለአምስት ሲካፈል ነው፤ 17.4 ይመጣል እንጂ 19 አይደለም። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው አይሶሬግ የሚባለው ትዕዛዝ ደግሞ ክብደት አይቀበልም። ክብደት ያለው ዳታ ከያዛችሁ ሌላ ፓኬጅ ፈልጉ።

ሦስት ጊዜ 19 መምጣቱን አይታችሁ «ከ7 እስከ 21 ቀን አርማታው መጠንከር አቁሟል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ዳታው በዚያ መሀል ጭማሪውን ለይቶ ማሳየት አልቻለም ማለት ብቻ ነው። ደረጃ ደረጃ መምሰል የዘዴው ጠባይ ነው፤ ለስላሳ መስመር የሚፈልግ ሞኖቶን ስፕላይን (አቅጣጫ የማይቀይር ለስላሳ ኩርባ) ይጠቀም። ከ28 ቀን በኋላ ስላለውም መስመሩ ምንም አይነግራችሁም። ሳይኪት-ለርንም ካልነገራችሁት በስተቀር ከዳታው ወሰን ውጭ መልስ አይሰጥም። ደግ አደረገ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያላችሁ ደግሞ ማን-ኬንዳል የሚባለውን የአዝማሚያ ፈተና ሳታውቁት አትቀሩም። የብዙ ዓመት ዝናብ ወይም ሙቀት እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ ለማለት ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል። ጥሩ ፈተና ነው፤ ግን የአንዱ ዓመት ቁጥር የሚቀጥለውን የሚጎትት ከሆነ የሌለ አዝማሚያ አለ ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን መጎተት፣ ማለትም አውቶኮሪሌሽኑን ፈትሹ። የወር ዳታ ከሆነ እያንዳንዱን ወር ከራሱ ጋር ብቻ የሚያወዳድረውን የወቅት ኬንዳል ተጠቀሙ። ፒ-ቫልዩ (አዝማሚያ ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የጎላ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድል) ብቻውን ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም፤ ለዚያ እ.ኤ.አ. በ1968 የመጣውንና ለውጡ በዓመት ስንት እንደሆነ የሚገምተውን የሴን ስሎፕ ከነመተማመኛ ወሰኑ አብራችሁ ጻፉ። ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በላይ ከሆነም «አዝማሚያ የለም» ሳይሆን «በዚህ ዳታ ማሳየት አልተቻለም» በሉ። የ15 ዓመት መረጃ ብቻ ይዛችሁ ከሆነማ ይበልጥ ተጠንቀቁ።